ከአስፋልቱ ሠላሳ ሜትር

ስብሰባ ላይ አፍ የሌለው ሰው የታደለ ነው። እኔ አልታደልኩም፤ አፍ አለኝ፤ ያውም አማርኛ የሚያሳምር አፍ። ጅጅጋ ተወልጄ፣ ጅጅጋ አድጌ፣ እዚሁ ጅጅጋ መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል ሳገላብጥ ፀጉሬ የሸበተ ሰው ነኝ። አባቴ ወታደር ሆኖ መጥቶ በዚያው የቀረ ነው። ከእሱ ሁለት ነገር ወረስኩ፤ በጠዋት መነሳትና ያልተጠየቁትን መመለስ። የመጀመሪያው ጎድቶኝ አያውቅም።

አንድ ሰኞ ስብሰባ ተቀመጥን። አጀንዳው ወደ ድንበሯ ከተማ ወደ ቶጎጫሌ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የተከመረው የመኪና ሬሳ ነበር። ነገሩ እውነት ነው። ከከተማ ስትወጡ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ በር የሌለው ሚኒባስ ነው፤ ቀጥሎ አፍንጫው የተደረመሰ የጭነት መኪና፤ ቀጥሎ ጀርባውን ለፀሐይ የሰጠ ባጃጅ፤ ከዚያ ጎማ፣ በርሜል፣ ላሜራ፣ እንደገና ጎማ። ነፋስ የተነሳ ቀን ደግሞ ቀለል ቀለል ያለው ብረት ራሱ ተነስቶ አስፋልቱን ይሻገራል። ስለዚህ አዲስ መመሪያ ወጥቷል ተባለ። ማንኛውም የውዳቂ ብረት ማከማቻ ከአስፋልቱ ጠርዝ ሠላሳ ሜትር ይራቅ፣ ይታጠር፣ ፈቃድ ያውጣ።

ኃላፊያችን ኢንጂነር ሂባቅ ትባላለች። በዕድሜ ከመጀመሪያ ልጄ ብዙ አትበልጥም። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ሰምቼ አላውቅም፤ የተናገረችውን ግን ሁለተኛ አትደግመውም።

«ውዳቂ ስንል ምን ማለታችን ነው?» ብላ ጠየቀች። «ትርጉሙ ካልተጻፈ ነገ ሁሉም ‹የኔ ውዳቂ አይደለም› ይላል።»

አስተዋይ ሰው ሁሉ ጫማውን እያየ ነበር። እኔ ተነሳሁ።

«ውዳቂ ማለት» አልኩ፣ «ጎማ ወይም ሰሌዳ የሌለው፣ ከሰባት ቀን በላይም ከቆመበት ቦታ ያልተንቀሳቀሰ ማንኛውም ተሽከርካሪ ነው።»

ጭብጨባ ሆነ። ኢንጂነር ቃል በቃል ጻፈችው። ጽፋ ስትጨርስ ቀና ብላ፣ «እንግዲያውስ ምዝገባውን ጋሼ ይያዙት» አለች።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። በእኔ አፍ የሃምሳ ሜትር መለኪያ፣ አንድ ጥራዝ ቅጽና ‹ይነሳ› ተብሎ የሚጻፍበት አንድ ባልዲ ቀይ ቀለም ገባ። መኪና ግን አልተሰጠኝም። የመሥሪያ ቤቱ መኪና ለመስክ ወጥታለች ተባለ፤ መስኩ የት እንደሆነ እስካሁን አላወቅሁም። በራሴ መኪና ሄድኩ።

ስለ መኪናዬ ጥቂት ልንገራችሁ። ነጭ ነበረች፤ አሁን የወተት ሻይ መልክ አላት። እንደ ብዙዎቹ ድንበር ተሻግራ ስትመጣ መሪዋ በስተቀኝ ነበር፤ በኋላ ወደ ግራ ተዛወረላት። እዚህ አገር ከሌላ ክልል ተዛውሮ የመጣ ሠራተኛ ብዙ አይቻለሁ፤ አብዛኛው ውሎ አድሮ ይለምዳል። የእሷ መሪ ግን በአዲሱ ምድቡ ደስ ብሎት አያውቅም። ወደ ቀኝ ባዞርኩት ቁጥር ያቃስታል። ጠዋት ደግሞ መነሳት አትወድም። ባለቤቴ ጽጌ አስተማሪ ናት፤ የማይረባ ነገር ስታይ በአንድ ቃል ማረም ትችላለች። «ሽጣት» ትለኛለች። ስምንት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስትለኝ ኖራለች።

መጀመሪያ የደረስኩት ኤዶ ሳህራ ግቢ ነው። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ የመንገዱ ሰው ሁሉ እንዲያ ነው የሚጠራት። ባሏ ሲሞት የተወላት ሦስት በርሜልና አምስት ልጆች ነበር ይባላል። በርሜሎቹ ተራብተው የብረት ተራራ ሆነዋል፤ ልጆቹም በዚያው ብረት ተምረዋል። ከሸራ ዳስ ሥር፣ ከአንድ ሚኒባስ በተነቀለ የሾፌር ወንበር ላይ ተቀምጣ ትውላለች። ወንበሩ ወደ ኋላ ይለጠጣል።

መመሪያውን ነገርኳት። በትዕግሥት ሰማችኝ።

«ውዳቂ ያልከው የቱ ነው?» አለች፣ በእጇ ግቢውን እያሳየችኝ።

«ይሄ ሁሉ ነዋ ኤዶ።»

«ይሄ በር በር የጠፋበትን ሰው ይጠብቃል። ያ ሞተር ሞተር የሞተበትን ይጠብቃል። ወድቆ የቀረ እዚህ የለም፤ ሁሉም ተራውን ነው የሚጠብቀው።»

ቅጹ ላይ ‹ተራ የሚጠብቅ› የሚል ሳጥን አልነበረም። ወደ ልኬቱ ገባሁ።

የአስፋልት ጠርዝ የት ነው? እናንተ የምታውቁት ይመስላችኋል። ወደ ቶጎጫሌ በሚወስደው መንገድ ላይ አስፋልቱ አንድ ቦታ በአሸዋ ይሸፈናል፤ ሌላ ቦታ ተቦርቡሮ ወደ ውስጥ ይሸሻል። ተንበርክኬ አሸዋውን በእጄ ጠርጌ ጠርጌ ጥቁር ነገር አገኘሁ፤ ጎማ ሆኖ ተገኘ። ሌላ ቦታ ጠረግሁ። በመጨረሻ እውነተኛውን ጠርዝ አግኝቼ የሜትሩን ጫፍ በድንጋይ ተጫንኩትና ጥቅልሉን እየፈታሁ ወደ ግቢው ወደ ኋላ ወደ ኋላ መሄድ ጀመርኩ።

በዚያ መንገድ ላይ ከጫት ጫኝ በቀር የሚቸኩል የለም። አንዱ ፒካፕ ከፊቱ ያለውን ጋሪ ለመቅደም ከአስፋልት ወርዶ፣ ድንጋዬንም ሜትሬንም ረግጦ አለፈ። ሜትሩ ከእጄ ሊያመልጥ ተንዘረዘረ፤ ያዝኩት፤ ቀጭ አለና ተበጠሰ። ስሄድ ባየው የመጀመሪያው አንድ ሜትር የለም። ጎማው ላይ ተጠምጥሞ ወደ ቶጎጫሌ ሄዷል።

በንብረት መዝገብ ላይ የፈረምኩት ለሃምሳ ሜትር ነው። በእጄ ያለው አርባ ዘጠኝ ነው። መንገድ ዳር ቆሜ የሄደውን መኪና አቧራ ሳይ ኤዶ ሳህራ መጥታ የሜትሩን የተበጠሰ ጫፍ አነሳችና በእግሯ ተጫነችልኝ።

«ለካ» አለችኝ። «እኔ አልበጠስም።»

ለካሁ። እስከ መጀመሪያው በርሜል ሠላሳ ሁለት ይላል።

«የሄደው ሜትር ይቆጠራል አይቆጠርም?» አለች።

«አይቆጠርም። አንዱን እንቀንሳለን፤ ሠላሳ አንድ ነው። በአንድ ሜትር ተርፈዋል ኤዶ።»

ቅጹ ላይ ሠላሳ አንድ ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። እሷም አውራ ጣቷን አተመች። የግመል ወተት የገባበት ሻይ አጠጣችኝ። አጥሩን ብቻ ሠርታ ስትጨርስ ፈቃዷን ራሴ እጽፍላታለሁ ብዬ ቃል ሰጠሁና ልሄድ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ።

አልነሳም አለች። እንደ ወትሮዋ አቃስታ፣ አጉረምርማ፣ ተለማምጣ ቢሆን ኖሮ አይገርመኝም። ድምፅ የሚባል ነገር አልወጣትም። ያቆምኳት ደግሞ በግቢውና በመንገዱ መካከል፣ ገላጣው ላይ ነው።

«ትቆይ ወላል» አለችኝ ኤዶ ሳህራ፤ ወንድም ማለቷ ነው። «እዚህ ምንም አይነካት። ብረት ከብረት መሀል አይሰረቅም።»

አመስግኜ በባጃጅ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ መካኒክ ይዤ ሄድኩ። ኮፈኑን ከፍቶ ብዙ ከተከዘ በኋላ፣ «የነዳጅ ፓምፑ ነው፤ ከቶጎጫሌ ይመጣል» አለኝ። ቶጎጫሌ እዚሁ ቅርብ ናት። ከቶጎጫሌ የማይመጣ ነገር የለም፤ ስልኩ፣ ሩዙ፣ ጨርቁ፣ ቴሌቪዥኑ በየቀኑ ይጎርፋል። የእኔ ፓምፕ ግን ከአንድ ሳምንት በኋላ መጣ፤ ሲገጠም የሌላ መኪና ነው። ተመለሰ። ለሁለተኛ ጊዜ የመጣው የፊት መብራት ነበር። መካኒኩ አገላብጦ አይቶ፣ «ይሄም አንድ ቀን ያስፈልግዎታል» ብሎ አስረከበኝ።

በዚህ መሀል የገበያ ሰው መኪናዋን እያየ ለኤዶ ሳህራ ዋጋ ይጠራላት ጀመር። አንዱ ጎማውን ጠየቀ፤ ሌላው ሰሌዳውን ለምን እንደፈለገው እንጃ፣ እሱን ጠየቀ። ፈራሁ። ጎማዎቹን ፈትቼ፣ መኪናዋን በአራት ድንጋይ ላይ አስቀምጬ፣ ሰሌዳዋንም ነቅዬ ሁሉንም ቤቴ ወሰድኩ። ጽጌ ሳሎን ውስጥ አራት ጎማ ተደርድሮ ስታገኝ ሁለቱን አነባበረችና በላያቸው ጨርቅ አልብሳ የተማሪዎቿን ደብተር አስቀመጠችባቸው።

ይህን ሁሉ ሳደርግ ስብሰባ ላይ ያሳመርኩት አማርኛ አንዴም ትዝ አላለኝም። ሰው የራሱን ጽሑፍ ስለሌላ ሰው እንደተጻፈ አድርጎ ነው የሚያነበው።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ኢንጂነር ሂባቅ ሁለት ሰው አስከትላ ምዝገባዬን ልታረጋግጥ ሄደች። አዲስ ሜትር ይዛለች። እኔ ቢሮ ቀርቼ ፋይል እየሰፋሁ ነበር። ከሰዓት በኋላ ተመልሳ ከጠረጴዛዬ ፊት ቆመችና ቃለ ጉባኤ ታስጽፈኝ ጀመር።

«የወይዘሮ ሳህራ ማከማቻ። ከአስፋልቱ ጠርዝ አሥራ ዘጠኝ ሜትር።»

እስክሪብቶዬ ቆመ።

«ሠላሳ አንድ ነበር» አልኩ።

«እርስዎ ሲለኩ ሠላሳ አንድ ነበር። ከተለካች በኋላ ወደ መንገዱ ገፍታ አዲስ ውዳቂ አስቀምጣለች። ይጻፉ፤ አንድ የቤት መኪና፣ መልኩ ነጭ ነበር ተብሎ የሚገመት፣ ጎማ የሌለው፣ ሰሌዳ የሌለው፣ በድንጋይ ላይ የቆመ። የኋላ ወንበሩ ላይ ሁለት ዶሮ ይገኛል።»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። አብሯት የሄደው አንዱ ባልደረባዬ፣ «ይቺን እንኳ መኪና ብሎ ይነዳ የነበረው ሰው ምን ዓይነት ሰው ይሆን?» አለ። እኔም ሳቅሁ። እውነቱን ለመናገር ከሁሉም በላይ የሳቅሁት እኔ ነኝ። እንባዬ እስኪመጣ ነው የሳቅሁት።

ያኔ ‹የኔ ናት› ብል ኖሮ ነገሩ በዚያው ባለቀ። አንዲት ቃል ናት። ግን አንድ ጊዜ አብሮ ስቆ የተገኘ ሰው በምን አፉ ይመለሳል? ዝም አልኩ። ለመናገር እንጂ ለዝምታ ያልተፈጠርኩ ሰው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ያልኩት ያን ቀን ነው።

«ቀይ ቀለም ቀብተናታል» አለች ኢንጂነር። «ሴትዮዋ መሥሪያ ቤቱን አታላለች። በሰባት ቀን ውስጥ ማከማቻው በሙሉ እንዲነሳ ደብዳቤ ይጻፍላት።»

ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቁጥር የሰጠሁት፣ ማህተም ያስመታሁት እኔ ነኝ።

ቤት ገብቼ ለጽጌ ነገርኳት። ደብተር እያረመች ነበር።

«ነገ ትናገራለህ» አለች ቀና ሳትል።

«እናገራለሁ።»

አልተናገርኩም። ዘዴ አሰብኩ። መኪናዋን ጎማ አልብሼ ከዚያ ቦታ ዞር ባደርጋት፣ ድጋሚ ሲለካ ሠላሳ አንድ ይሆናል፤ ደብዳቤውም በራሱ ጊዜ ይሞታል ብዬ። ቅዳሜ ጠዋት አራቱን ጎማ በአንድ ባጃጅ ጫንኩ። ሦስቱ ከኋላ፣ አንዱ እኔ ጭን ላይ። ሾፌሩ ጎማ እንጂ ሰው የማይጭን መስሎ ነው የነዳው። ደርሼ አውርጄ ሳበቃ የጎማ ብሎኖቹ ሳሎን ቴሌቪዥኑ ሥር በቆርቆሮ ውስጥ እንደቀሩ ትዝ አለኝ። ባጃጁ ሄዷል። ሌላ ባጃጅ ይዤ ቤት ሄጄ፣ ብሎኖቹን ይዤ ተመለስኩ።

ስመለስ መኪናዬ አጠገብ አንድ ደንብ አስከባሪ ቆሟል። ከደቡብ በቅርብ የተመደበ፣ ሥራውን የሚወድ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ ፈልጋችሁ የምታጡት በሌላ ቀን ነው።

«አባቴ፣ ቀይ ቀለም የተቀባ ንብረት ያለ ጽሑፍ ፈቃድ አይነካም» አለኝ።

«ላነሳት ነው እኮ። የተጻፈባት ‹ይነሳ› አይደለም እንዴ?»

«እንዲነሳ ነው የተጻፈው። ማን እንደሚያነሳው አልተጻፈም።»

«ፈቃዱን የሚሰጠው ማነው?»

ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ አነበበልኝ። ቅጹ በሁለት ሰው ይፈረማል። ከታች ባለንብረቱ፣ ከላይ የምዝገባው ኃላፊ። የምዝገባው ኃላፊ እኔ ነኝ። ባለንብረቱም እኔ ነኝ። በአንድ ወረቀት ላይ እኔ ለራሴ አመልክቼ፣ እኔ ለራሴ ፈቅጄ ልፈርም ነው። ያን ወረቀት የሚያይ የመጀመሪያ ሰው ደግሞ ኢንጂነር ሂባቅ ናት።

«ሰኞ ይዤ እመጣለሁ» አልኩት።

«እኔ እዚሁ ነኝ» አለኝ በትህትና።

ጎማዎቹን እያንከባለልኩ ወደ ኤዶ ሳህራ ዳስ ወሰድኩ። እስከዚያ ድረስ ከወንበሯ ሆና ታየኝ ነበር። አንድ ፖስታ ከጉያዋ አውጥታ ሰጠችኝ።

«ከናንተ ቤት መጣ። ልጆቼ የሉም፤ አማርኛ ማንበብ አልችልም። ምን ይላል?»

የራሴን ደብዳቤ አነበብኩላት። በሕይወቴ ሙሉ የሌላ ሰው ደብዳቤ እንደዚያ ከብዶኝ አያውቅም። ‹ከተመዘገበበት ርቀት በማጭበርበር አልፈው በመገኘትዎ› የሚለው ጋ ስደርስ ፈጠን ብዬ አነበብኩት። ጻፍ ስባል ግን እንዴት ያለ ቀላል ዓረፍተ ነገር ነበር።

«ማጭበርበር ማለት ዋሸች ነው?» አለች።

«እንደዚያ ነው።»

«የኔ እቃ ሠላሳ አንድ ላይ ነው አላልክም?»

«ብያለሁ።»

«አሥራ ዘጠኝ ላይ ያለው ታዲያ ምንድን ነው?»

ሁለታችንም ወደ መኪናዬ ዞር አልን። በመስኮቷ አንዲት ዶሮ ወጣች።

ኤዶ ሳህራ ብትሰድበኝ፣ ብትጮህብኝ በተሻለኝ። ሻይ ቀዳችልኝ። ጠጣሁ፤ ያን ሻይ እንዴት እንደዋጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስገባ ቁርጥ አድርጌ ወስኜ ነበር። እናገራለሁ። ግን ኢንጂነር ስልክ ላይ ነበረች፤ ጠበቅሁ። ከዚያ እንግዳ ገባ፤ ጠበቅሁ። ከዚያ ኤዶ ሳህራ ራሷ ደብዳቤውን ይዛ ገባች።

በእኔ ጠረጴዛ አጠገብ አልፋ ኢንጂነር ፊት ቆመች። አላየችኝም፤ ወይም ያላየች መሰለች። በሶማሊኛ ነው የተነጋገሩት። እኔ አንገቴን ፋይል ውስጥ ቀብሬ እያንዳንዷን ቃል እሰማለሁ።

«የኔ እቃ ከቦታው አልተነቃነቀም» አለች ኤዶ ሳህራ።

«አሥራ ዘጠኝ ሜትር ላይ መኪና አለ» አለች ኢንጂነር።

«አለ። የኔ አይደለም።»

«የማን ነው?»

«የእንግዳ ነው። ተበላሽቶበት እኔ ጋ አስቀመጠው።»

«ስሙን ይንገሩኝ፤ የሚጠየቀው እሱ ነው።»

ኤዶ ሳህራ ደብዳቤውን አጠፈች። «አማና ነው» አለች። «ሰው አምኖኝ ያስቀመጠውን ነገር ይዤ ስሙን በመንግሥት ፊት አልጠራም። እሱ ከፈለገ ይናገራል።»

«ካልነገሩኝ ግቢዎ ነገ ይነሳል።»

«ይነሳ።»

የሃያ ዓመት ሥራዋን ነው ‹ይነሳ› ያለችው። ተነሳሁ። ወንበሬ ወደቀ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። በሷ ቋንቋ ልናገር ብዬ በሶማሊኛ ጀመርኩ። የኔ ሶማሊኛ የገበያ ነው፤ ለክርክር እንጂ ለኑዛዜ አልተማርኩትም። ‹መኪናዋ የኔ ናት› ልል ፈልጌ ከአፌ የወጣው «መኪናዋ እኔ ነኝ» ሆነ።

አንድም ሰው አልሳቀም። ያ ነው የባሰው።

በአማርኛ ደገምኩት። ሁሉንም ተናገርኩ፤ መኪናዋ እንዴት እንደቆመች፣ ጎማውን ማን እንደፈታ፣ ደብዳቤውን እያወቅሁ እንደጻፍኩት፣ ስትስቁ አብሬያችሁ እንደሳቅሁ። ኢንጂነር ሂባቅ እስክጨርስ አላቋረጠችኝም። ከዚያ መመሪያውን ከመሳቢያዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«ጋሼ፣ የውዳቂን ትርጉም የሰጡን እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ነኝ።»

«በዚህ ትርጉም መሠረት መኪናዎ ምንድን ናት?»

ስምንት ዓመት ሙሉ ጽጌ ያቃታትን ያቺ ልጅ በአንድ ጥያቄ ጨረሰችው።

«ውዳቂ ናት» አልኩ።

«ያስመዝግቧት። እስከ ነገ ወዲያ ድረስ ከሠላሳ ሜትር ወዲያ ትራቅ። የወይዘሮ ሳህራ ደብዳቤ ዛሬውኑ ይሰረዝ፤ ይቅርታ የሚል ሌላ ይጻፍላቸው። ይቅርታውን እርስዎ ይፈርሙበታል።» ከዚያ ጨመረች። «ለእርስዎም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ አለ።»

እንግዲህ መዝገብ ቤት የምሠራው እኔ ነኝ። ማስጠንቀቂያውን ቁጥር ሰጥቼ፣ አባሪ አድርጌ፣ በራሴ እጅ በራሴ የግል ማህደር ውስጥ አስገባሁት። በወጪ መዝገብ ላይ ስመዘግብ፣ ‹ተቀባይ› በሚለውም ‹አስረካቢ› በሚለውም ሥር ፈረምኩ። ቅዳሜ የሸሸሁት ወረቀት ሰኞ ሌላ ልብስ ለብሶ አገኘኝ።

ኤዶ ሳህራ ስትወጣ በሩ ድረስ ሸኘኋት። ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«ወላል፣ መኪናህን ወደ ውስጥ አስገባ» አለችኝ። «ግቢው ሰፊ ነው። ደጅ ላይ ለምን ትንከራተታለች?»

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ጎማዎቹን ገጠምኩ። ያ ሥራውን የሚወድ ደንብ አስከባሪ ፈቃዱን ከላይ እስከ ታች ካነበበ በኋላ ዩኒፎርሙን ሰብስቦ ብሎን ያጠብቅልኝ ጀመር። ከማዶ ካለው መስጊድ ሰው ሶላት ሰግዶ ሲወጣ ኤዶ ሳህራ ከወንበሯ ሳትነሳ ተጣራች። አሥር አሥራ ሁለት ሰው መጣ። መሪውን እኔ ያዝኩ፣ እነሱ ገፉ። መሪው እስከ መጨረሻው አቃሰተ። ጥጉ ላይ በርሜሎቹን አልፈን ስንቆም ኢንጂነር ሂባቅ ራሷ ለካች። ሠላሳ አራት። ቅጹ ላይ ጻፈች። ዶሮዎቹ ተከትለውን መጥተው ወደ ኋላ ወንበራቸው ገቡ።

ፓምፑ በመጨረሻ መጣ ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። አልመጣም። መካኒኩ ስልኩን ማንሳት ተወ። ከወር በኋላ ኤዶ ሳህራ አጥሯን በላሜራ አጥራ ስትጨርስ ፈቃዷን ጽፌ ወሰድኩላት፤ በዚያው የመኪናዬን ሊብሬና ቁልፍ ጨምሬ ሰጠኋት። አልቀበልም አለች። አማና አይወሰድም አለች። አማናው ቀርቷል፣ ባለቤቱ ሰጥቶዎታል አልኳት። ብዙ ተከራከርን፤ ለክርክር ሶማሊኛዬ አያንስም፤ አሸነፍኩ። ፈቃዱን ዳሱ ምሰሶ ላይ አንጠለጠለችው፤ በዚያ መንገድ የመጀመሪያው ነው። አሁን የሚያልፍ ሁሉ ‹ኤዶ፣ እንዴት አገኘሽው?› ይላታል። ‹ከመንግሥት ጋር ዘመድ ነኝ› ትላቸዋለች አሉ።

በተከታዩ ዓመት ለሥራ አውበሬ ሄድኩ። ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ገበሬ የሽንኩርት ማሳ መሀል፣ ጉድጓድ አፍ ላይ ሞተር አስሮ ውሃ ይስባል። ድምፁን ሰምቼ ቆምኩ። ሰው የልጁን ሳል ከሺህ ሳል ይለያል። ጠጋ ብዬ አየሁ። የመኪናዬ ሞተር ነው፤ መካኒኩ በመፍቻ የቧጨረው ጎኑ ሁሉ እንዳለ ነው። የነዳጅ ፓምፕ የሚባል ነገር የለውም። ገበሬው አንድ ጀሪካን ከላይ ሰቅሎ በቀጭን ቱቦ ነዳጁን ያወርድለታል። በቃ። ስንት ሳምንት ቶጎጫሌን ደጅ የጠናሁበት ነገር አንድ ጀሪካን ነበር።

«ከኤዶ ሳህራ ነው የገዛሁት» አለኝ ገበሬው። «ጠንካራ ሞተር ነው።»

«ጠዋት ይነሳል?» አልኩት።

«ገመዱን አንዴ ስስበው።»

ቆሜ አየሁት። ሳያቃስት፣ ሳያጉረመርም ውሃ ይተፋል። ገበሬው ፊቴን አይቶ ምን እንዳሰበ አላውቅም፤ ከማሳው አንድ ጆንያ ሽንኩርት አውጥቶ፣ አልቀበልም ስለው እምቢ ብሎ፣ የመሥሪያ ቤቱ መኪና ላይ ጫነልኝ።

ማታ ቤት ገብቼ ሁሉንም ለጽጌ አወራኋት። ሽንኩርት እየላጠች ሰማችኝ። ስጨርስ ቢላዋዋን አስቀመጠችና ጆንያውን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ስምንት ዓመት ሙሉ» አለች፣ «ያቺ መኪና ለዚህ ቤት አንድ ነገር ስታመጣ ገና ዛሬ አየሁ።»